«ሁሉም ስልክ ላይ እንደዚህ ነው አይደል የሚታየው?»

ዌብሳይት ሰርቶ የሚያስረክብ ሰው ሁሉ ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። ደንበኛው ላፕቶፕህ ላይ ያየውን ወዶታል፣ ቀለሙንም ፎቶዎቹንም ወዶታል፣ ከዛ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ይጠይቅሃል። እውነተኛው መልስ «አይደለም» ነው። አንድ ገጽ በክሮም፣ በሳፋሪ፣ በፋየርፎክስ፣ በኦፔራ ሚኒ፣ ቴሌግራም ወይ ፌስቡክ ላይ ሊንክ ስትነካ አፑ ውስጥ በሚከፈተው ብራውዘር አንድ ዓይነት ሆኖ አይታይም፣ ዌብ ከተፈጠረ ጀምሮም ሆኖ አያውቅም። ይሄ ነገር ስንት ዲዛይነር እንዳስመረረ፣ ስንት ሌሊት እንደበላ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙም አያውቅም፣ እኛም እርስ በርሳችን ስንገናኝ ብቻ ነው የምናወራው። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ፈለግኩ፣ በተለይ ደግሞ በአማርኛ ለሚነበብ ሳይት ምን ማለት እንደሆነ፣ ምክንያቱም የፈረንጆቹ ብሶት በየቦታው ተጽፏል የኛን ግን ተጽፎ ብዙ አላየሁም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ የሶፍትዌር ታሪክ ስለሆነ እንዳያምታታ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚፈጠር። እኛ የምንጽፈው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ሥዕል አይደለም፣ «ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ ሳጥን 300 ፒክስል ይስፋ፣ ይሄ ፊደል ይወፍር» የሚል ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚስለው ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ኢንጂን ነው፣ ኢንጂኑን ደግሞ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው የሚሰሩት፣ ሁሉም የሚያነቡት ሕግ አንድ ቢሆንም ሕጉን የሚረዱበት፣ የሚተገብሩበት ጊዜና የሚዘሉት ክፍል ይለያያል። ሲኤስኤስን ሃኮን ቪየም ሊ የሚባለው ኖርዌያዊ ሰርን የሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ እየሰራ በ1994 ሐሳቡን አቀረበ፣ የዌብን ሕግ የሚያወጣው ድርጅት ዳብሊው ስሪ ሲ ደግሞ በታኅሣሥ 1996 የመጀመሪያውን ሕግ አጸደቀ። ግን ያኔ ሁለቱ ትልልቅ ብራውዘር ሠሪዎች፣ ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት፣ ጦርነት ላይ ነበሩ። ኔትስኬፕ የሚብለጨለጭ ጽሑፍ ሲያመጣ ማይክሮሶፍት የሚንሸራተት ጽሑፍ አመጣ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን እየጨመሩ ሕጉ ኋላ ቀረ፣ ሳይቶች በራቸው ላይ «በዚህ ብራውዘር ቢታይ ይመረጣል» ብለው መለጠፍ ጀመሩ።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ፣ የዘመኑን ምሬት በደንብ ስለሚያሳይ። ሳጥንህን 300 ፒክስል አልከው፣ ግራና ቀኝ 20 20 ፒክስል ፓዲንግ፣ ማለትም የውስጥ ክፍት ቦታ፣ ሰጠኸው፣ ዙሪያውን 5 ፒክስል ቦርደር፣ ማለትም ጠርዝ፣ አደረግክለት። በሕጉ መሠረት ጠቅላላ ስፋቱ 350 ይሆናል። የዊንዶውሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ሁሉንም እዛው 300 ውስጥ ያስገባዋል። 50 ፒክስል ልዩነት ማለት ጎን ለጎን የነበሩት ሁለት ዓምዶች አንዱ ጋ ተስተካክለው ሌላው ጋ አንደኛው ተገፍቶ ወደ ታች ይወድቃል ማለት ነው። ሰዎች ይሄንን ለማስታረቅ ብራውዘሩ የማንበብ ስህተት ላይ የተመሠረተ ዘዴ ፈለሰፉ፣ ማለትም አንዱ ብራውዘር በትክክል ማንበብ የማይችለውን ትዕዛዝ ሆን ብለው ይጽፉና እሱ እዛ ጋ ሲደናቀፍ ሌላው አልፎ ትክክለኛውን ቁጥር ይወስዳል። የሚገርመው ዛሬ ሁላችንም ቦክስ ሳይዚንግ ብለን ፋይላችን አናት ላይ የምንጽፋት ትዕዛዝ የማይክሮሶፍትን የድሮ አሠራር መልሳ የምታመጣ ናት፣ ለዲዛይነር እሱ ይቀላላ። ችግሩ ማን ትክክል ነው የሚለው አልነበረም፣ ሁለቱ አለመስማማታቸው ነበር።

ከዛ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 መጣ፣ ነሐሴ 2001። ማይክሮሶፍት ገበያውን ከ90 በመቶ በላይ ያዘና ብራውዘሩን ማሻሻል አቆመ፣ 7ኛው የወጣው በጥቅምት 2006 ነው። አምስት ዓመት። በነዚህ ዓመታት ሥራ የጀመረ ዲዛይነር የሚያውቀው ሕግ ሳይሆን የበሽታ ዝርዝር ነው፣ ማርጂን የሚባለው የውጪ ክፍት ቦታ እጥፍ የሚሆንበት፣ ጽሑፍ ጠፍቶ ማውዝ ሲያልፍበት የሚመለስበት፣ ጀርባው ግልጽ የሆነ የፒኤንጂ ሎጎ ግራጫ ሳጥን ይዞ የሚመጣበት። እኔ ይሄንን የተማርኩት አዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌዎች ውስጥ ነው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው ማሽኖች ላይ፣ በደቂቃ እየተከፈለ። ቤት የሠራኸውን በፍላሽ ይዘህ ሄደህ ስትከፍተው ሌላ ነገር ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ደቂቃው ደግሞ ይቆጥራል።

ለእኛ ግን ከሳጥኑ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነበር፣ ፊደሉ ራሱ ይታያል ወይ የሚል። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም። ፊደላችን የዓለም ፊደላትን ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ቅጂው ነው፣ ዊንዶውስ ላይ አብሮ የመጣ ፎንት ያገኘነው ግን ከኤክስፒ ቀጥሎ በመጣው በቪስታ ነው፣ ኒያላ የሚባለው። ከዛ በፊት የነበረው እንደነ ፓወር ግዕዝ ያሉ ፎንቶች ዘመን ነው፣ ፎንቱ የእንግሊዝኛውን ኮድ ተውሶ የአማርኛ ቅርጽ ያለብሰዋል፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የምታየው። በ1997 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 እና ኔትስኬፕ 4 ፎንትን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ የሚቻልበት መንገድ አምጥተው ነበር፣ ለእኛ ከማንም በላይ የሚጠቅም ነገር ነበር፣ ግን የአንዱ ፎርማት ሌላው ጋ አይሠራም፣ ሁለት ዓይነት አዘጋጅተህ ለየብቻ መላክ አለብህ። ስለዚህ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አማርኛውን ፎቶ አደረገው። ጋዜጣው ፒዲኤፍ ሆነ፣ ርዕሱ ጂአይኤፍ ሆነ። የዛን ጊዜ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬ ብትፈልገው አታገኘውም፣ ሰርች አያውቀውም፣ ኮፒ አይደረግም፣ ምስል ነዋ። ብራውዘሮቹ ባለመስማማታቸው ፈረንጁ ዲዛይነር ያጣው የዓምድ ቅርጽ ነው። እኛ ያጣነው የጽሑፍ ዘመን ነው፣ እዚህ ጋ ሁሌም ይቆጨኛል።

ኦፔራ ሚኒን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከ2006 ጀምሮ ዓለም ላይ ሲሰራጭ እዚህ ሀገር ብዙ ሰው ኢንተርኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በእሱ ነው፣ ያቺ በተን ያላት ኖኪያ ላይ። አሠራሩ ከሌሎቹ ፍጹም ይለያል፣ ገጹን ስልክህ አይስለውም፣ የኦፔራ ሰርቨር ነው ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ ጨምቆ የሚልክልህ፣ ጃቫስክሪፕት ካለ እዛው ሰርቨሩ ላይ ለትንሽ ሰከንድ ይሠራና ይቆማል። ለዲዛይነር ይሄ ማለት የሠራኸው አኒሜሽን የለም፣ የላክኸው ፎንት የለም፣ ሲነካ ዝርግፍ የሚለው ሜኑ ላይዘረገፍ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ዲዛይነር ኦፔራ ሚኒን ይጠላዋል። እኔ አልጠላውም፣ ምክንያቱም ኦፔራ ኮንፊግን አስታውሳለሁ። አድራሻ መጻፊያው ላይ ኦፔራ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮንፊግ ብለህ ትጽፍና ወደ ታች ወርደህ «ዩዝ ቢትማፕ ፎንትስ ፎር ኮምፕሌክስ ስክሪፕትስ» የምትለዋን የስ ታደርጋታለህ፣ ሴቭ ትላለህ፣ ከዛ ሳጥን ሳጥን ሲሆን የነበረው ሁሉ አማርኛ ሆኖ ይመጣል። ሰርቨሩ ፊደሎቹን በትንንሽ ሥዕል አድርጎ ይልክልሃል፣ ዳታ ትንሽ ይጨምራል ግን ታነባለህ። ይቺን ዘዴ ሰው ለሰው እየተነጋገረ ነው የተስፋፋችው፣ ካምፓስ ዶርም ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ። ገጹ ውበት አልነበረውም፣ ሰው ግን አነበበበት።

ይሄ ነገር ስለ ሙያው ያለኝን አስተሳሰብ ቀይሮታል። እኔ የምለው፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት መምሰል ከመጀመሪያውም ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አልነበረም። መጠየቅ ያለብን ሁሉም ጋ መነበቡን፣ ሁሉም ጋ ሰው የመጣበትን ጉዳይ መጨረስ መቻሉን ነው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ አንደኛው ፒክስል እየቆጠረ ዕድሜ ይጨርሳል፣ ሁለተኛው የሚያጠፋው ሰዓት ሁሉ ለአንድ ሰው ይደርሳል።

አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ ባልትና ያላቸው እናት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ቆሎ እያዘጋጁ ውጭ ለሚኖሩ ሰዎች ሁሉ የሚልኩ። ሳይታቸው ሥራ በጀመረ ሰሞን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያሳየኸኝ እኮ ይሄ አልነበረም፣ የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሆና ስትከፍተው ማዘዣው የለም ትለኛለች።» ማዘዣው በተን እዛው ነበር፣ ግን ስክሪኑ ታች፣ ከብራውዘሩ ባር ሥር ተሸፍኖ ነው የቀረው። ይሄ በሙያው የታወቀ ጣጣ ነው፣ ሲኤስኤስ ላይ የስክሪኑን ቁመት ሙሉ ያዝ ስትል 100 ቪኤች ትላለህ፣ የሞባይል ብራውዘሮች ግን የአድራሻ ባራቸው ስትሸበልል እየጠፋ እየመጣ ስለሚሄድ «ሙሉ» የቱ ነው የሚለውን ትልቁን ቁመት አድርገው ወሰዱት፣ ባሩ ባለበት ሰዓት ታችኛው ክፍል ይቆረጣል። ለዚህ መፍትሔ የሆኑት አዳዲስ መለኪያዎች፣ ዲቪኤችና ኤስቪኤች፣ በሦስቱም ዋና ኢንጂኖች ተሟልተው የገቡት በ2022 ነው፣ አሮጌ ስልክ ያለው ሰው ጋ ዛሬም የሉም። በተኑን ከዛ ቦታ አንስቼ ከዋጋው አጠገብ አደረግኩት፣ የትኛውም ባር የማይደርስበት ቦታ። ቢሯቸው ሄጄ ሦስት ስልክ ጎን ለጎን ዘርግቼ አሳየኋቸው፣ ርዕሱ አንዱ ጋ በአንድ መስመር ሌላው ጋ በሁለት መስመር ነው፣ ፎንቱም ትንሽ ይለያያል። «እትዬ፣ አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ግን ሁሉም ጋ ማዘዝ ይችላሉ» አልኳቸው። ሦስቱንም ትንሽ አየት አየት አድርገው «እኔም እኮ የምሸጠው አንድ ሽሮ ነው፣ የሁሉም ቤት ወጥ አንድ አይደለም፣ ዋናው መበላቱ ነው» አሉኝ። ከዛ በኋላ ስለ ፒክስል ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ስለ ትዕዛዝ ግን በየሳምንቱ ይጠይቁኛል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ዛሬም ብራውዘሮች በጣም የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው፣ ይሄንን ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቴስት የሚያደርግ ሰው በፍጹም አያየውም።

ወፍራም ጽሑፍን ውሰዱ። ቦልድ ስትል ብራውዘሩ የፎንቱን ወፍራም ቅጂ ይፈልጋል፣ ካለ ይጠቀማል፣ ከሌለ ደግሞ ራሱ ቀጭኑን ወስዶ ያደነድነዋል፣ ማለትም ፊደሉን በትንሹ አንሸራቶ ደግሞ ይስለዋል። ኒያላ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ይሄ ብዙም ላያስታውቅ ይችላል፣ በኛ ግን ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን የሚለየው አናቷ ላይ ያለች ትንሽ ሰረዝ ናት፣ ሰረዟና ፊደሉ መሃል ያለችው ክፍተት ስትደፈን ትንሽ ሳይዝ ላይ ሽሮው ስሮ ሆኖ ይነበባል። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ያለው ኤብሪማ ቦልድ አለው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ ብዙ ውፍረት አለው፣ ስለዚህ የራስህን ፎንት ከገጹ ጋር ከላክህ ትድናለህ፣ ግን ፎንቱ ከበድ ይላል፣ ከ300 በላይ ቅርጽ ነው፣ በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ያ ሁሉ ብር ነው። እኔ የማደርገው ፎንቱን ቆርጬ ለሳይቱ የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ አስቀርቼ መላክ ነው፣ የብሌንና የጉራግኛ ፊደላት የማይጻፍበት ሳይት ላይ እነሱን አልልክም፣ ሰዎች አስተያየት በሚጽፉበት ሳይት ላይ ግን አልነካቸውም ምክንያቱም ማን በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ አላውቅም።

ዘመም ያለው ጽሑፍ፣ ኢታሊክ የሚሉት፣ ከዚህ ይብሳል። ፊደላችን የተዘመመ አጻጻፍ የለውም፣ ብራውዘሩ ግን ኢታሊክ አድርግ ሲባል ዝም ብሎ ያዘምመዋል፣ ያለ ምንም ፎንት፣ ገፋ አድርጎ። ሲያዩት ፊደሎቹ ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ። አባቶቻችን ብራና ላይ አንድን ስም ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ነው የሚጽፉት፣ እኔም ኢታሊኩን አጥፍቼ ቀለም ነው የምጠቀመው፣ ቀለም ሁሉም ብራውዘር ጋ ይሠራል፣ ኦፔራ ሚኒ ጋ ሳይቀር።

የመስመር ቁመትም አለ። ብዙ ቴምፕሌት የሚመጣው የእንግሊዝኛ ፎንት ተሰጥቶት ነው፣ አማርኛ ስትጽፍበት ብራውዘሩ ያ ፎንት ፊደሉ ስለሌለው መሣሪያው ላይ ካገኘው ሌላ ፎንት ይበደራል፣ ዊንዶውስ ላይ ሌላ፣ ማክ ላይ ሌላ፣ አንድሮይድ ላይ ሌላ። እያንዳንዱ ፎንት ከላይና ከታች የሚይዘው ክፍት ቦታ የተለያየ ነው። ላይን ሃይቱን በቁጥር ካልወሰንክ አንዱ ጋ መስመሮቹ ይራራቃሉ፣ ሌላው ጋ በተን ውስጥ ያለው ጽሑፍ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ተቀላቅሎ የተጻፈበት አንቀጽ ላይ ደግሞ መስመሩ እንግሊዝኛ ቃል ባለበትና በሌለበት ከፍ ዝቅ ይላል። አንባቢው ምክንያቱን አያውቅም፣ ዓይኑን ይደክመዋል እንጂ።

ረጃጅም ቃሎቻችን ሌላው ናቸው። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለውን ቃል በትልቅ ርዕስ ትንሽ ስልክ ላይ አድርጉት፣ ስክሪኑን አልፎ ይወጣል፣ ገጹ በሙሉ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል። ብራውዘሮች የእንግሊዝኛን ቃል የት ቆርጠው ሰረዝ እንደሚያደርጉ መዝገብ አላቸው፣ በአማርኛ እንደዛ ያለ ነገር መጠበቅ አይቻልም። የብራና ጸሐፊዎች እኮ መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን ያለ ምንም ሰረዝ የትም ቆርጠው ወደሚቀጥለው ያወርዱት ነበር፣ ለአንባቢም አላስቸገረም፣ ሁለት ነጥቡ ቃል የሚያልቅበትን ያሳያል። የሲኤስኤስ ሕግ ላይ ይቺ ሁለት ነጥባችን ቃል ከሚለዩ ምልክቶች መሃል በስሟ ተጠቅሳለች፣ ዳብሊው ስሪ ሲ ደግሞ የኢትዮጵያ ጽሕፈት አቀማመጥ ምን ይፈልጋል የሚል ራሱን የቻለ ረቂቅ ሰነድ አለው። ሕግ ላይ መጻፍና ብራውዘር ላይ መሥራት ግን ለየቅል ናቸው፣ እኔ ረጅም ርዕስ ሲመጣብኝ ቃሉ የትም እንዲሰበር የሚያስችለውን ትዕዛዝ እጨምራለሁ፣ ለአሮጌ ብራውዘር የድሮውን ትዕዛዝም ከጎኑ አደርጋለሁ።

ስለ ቀን መምረጫ ባወራ አያልቅም። ዴት ፒከር ክሮም ላይ ለረጅም ጊዜ ነበረ፣ ፋየርፎክስ በ2017፣ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሳፋሪ ደግሞ በ2021 ነው ያገኘው፣ መልኩም በየብራውዘሩ ይለያል። ይሄ ሁሉ የፈረንጁ ጉዳይ ነው። የኛ ሰው ልደቱን የሚያውቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜ የተወለደ ሰው ደግሞ ወሩ ራሱ እዛ ፒከር ላይ የለም። ብራውዘሮቹ ቀንን ወደኛ አቆጣጠር ቀይረው ማሳየት ይችላሉ፣ ስሌቱ ውስጣቸው አለ፣ መምረጫው ላይ ግን አላደረጉትም። ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብዬ ሦስት መምረጫ አስቀምጣለሁ፣ ወሩ 13 ሆኖ፣ ከኋላ ሰርቨሩ ላይ እቀይረዋለሁ። አያምርም። ግን ኖኪያም ላይ፣ አይፎንም ላይ፣ የአረብ ሀገር እህቶቻችን የሚይዙት ርካሽ አንድሮይድም ላይ ይሠራል።

አፕ ውስጥ ስለሚከፈቱት ብራውዘሮችም አንድ ነገር፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ሊንክ የሚዞረው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። አንድሮይድ ላይ አፑ ውስጥ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ዌብቪው የሚባለው ነው፣ ኢንጂኑ ከክሮም ጋር ዘመድ ቢሆንም አንዳንድ ነገር አፑን የሠሩት ሰዎች ካላዘጋጁለት አይሠራም፣ ፋይል መምረጥ አንዱ ነው። የምዝገባ ፎርም ሠርተህ «ፎቶ ያስገቡ» ትላለህ፣ ሰውየው ይነካዋል፣ ምንም አይሆንም፣ እንደገና ይነካዋል፣ ከዛ ዘግቶ ይሄዳል። ስልክ ደውሎ የሚጠይቅህ ከስንት አንዱ ነው። አሁን ፎቶ ሳይኖር ምዝገባው እንዲያልቅ አድርጌ ነው የምሠራው፣ ፎቶው በኋላ ይላካል፣ ከላይ ደግሞ «በክሮም ይክፈቱት» የሚል በተን።

ይሄን ሁሉ የሰማ ሰው «ለምን ሁሉም ክሮም አይሆንምና አንገላገልም?» ይለኛል። ጓደኞቼም ይሉኛል፣ በተለይ ዴድላይን ሲቃረብ። ወደዛው እየሄድንም ነው፣ ኦፔራ የራሱን ኢንጂን በ2013 ተወ፣ ማይክሮሶፍት ብራውዘሩን ኤጅን በጥር 2020 ክሮም ወደተሠራበት ወደ ክሮምየም አዞረው፣ አሁን በሰፊው የቀሩት የክሮሙ ብሊንክ፣ የሳፋሪው ዌብኪትና የፋየርፎክሱ ጌኮ ናቸው። አይፎን ላይ ደግሞ አፕል ከዌብኪት ሌላ ኢንጂን አይፈቅድም ነበር፣ መጀመሪያ የተከፈተው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ነው፣ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ። እኔ ግን አንድ ብቻ ይቅር የሚለውን በፍጹም አልቀበለውም። አንድ ብቻ የሆነበትን ጊዜ አይተነዋል፣ ከ2001 እስከ 2006፣ ባለቤቱ ማሻሻል ሲያቆም ዓለም በሙሉ አብሮት ቆመ። ለትንሽ ቋንቋ ደግሞ ይሄ የባሰ አደጋ ነው። ብቸኛው ኢንጂን የኛን ፊደል ቢያበላሽ «ሌላው ጋ እኮ ይሠራል» ብለን የምናሳየው ማስረጃ እንኳን አይኖረንም። ልዩነቱ ያሰቃየናል፣ ግን የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ ማለትም ነው።

ደግሞ ነገሩ እየተሻለ መጥቷል፣ ይሄን ካልተናገርኩ አድሏዊ እሆናለሁ። ከ2022 ጀምሮ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ኢንተሮፕ በሚባለው ሥራ በየዓመቱ ተነጋግረው የተወሰኑ ነገሮችን መርጠው አንድ ላይ ያስተካክላሉ፣ በጋራ ቴስት ይለካካሉ። ውስጥ ያለ ሳጥን የውጪውን ሳጥን መስመሮች እንዲከተል የሚያደርገውን፣ ሰብግሪድ የሚባለውን ትዕዛዝ፣ ፋየርፎክስ በ2019 መጨረሻ ካመጣው በኋላ ሳፋሪ በ2022፣ ክሮም ደግሞ በ2023 ነው የተከተሉት፣ አራት ዓመት ገደማ፣ የዛሬዎቹ ትዕዛዞች ከዛ በጣም ፈጥነው ነው የሚገጣጠሙት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በሰኔ 2022 ድጋፉ ተቋርጧል። ዛሬ ሥራ የሚጀምር ልጅ የበሽታ ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልገውም፣ ደስ ይለኛል።

የቀረው የኛ ድርሻ ነው። እነዚያ የጋራ ቴስቶች ላይ የሚገባው ሰው ያስገባው ነው፣ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ቴስት ካላስገባን ኢንጂነሮቹ ፊደላችን መሰበሩን የሚያውቁበት መንገድ የለም፣ ተንኮል ኖሯቸው አይደለም፣ አላዩትም። ክሮምየም፣ ፋየርፎክስና ዌብኪት ሦስቱም ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ባግ፣ ማለትም ያገኘውን የሶፍትዌር ስህተት፣ የሚያስገባበት ቦታ አላቸው፣ ነፃ ነው። ዲዛይነር የሆናችሁ ልጆች፣ ባግ ሲያጋጥማችሁ ዘዴ ፈልጋችሁ አልፋችሁት ብቻ አትሂዱ፣ አስገቡት። ችግሩን ብቻ የምታሳይ ትንሽ ገጽ አዘጋጁ፣ አሥር መስመር ትበቃለች፣ የስልኩን ሞዴልና የብራውዘሩን ቨርዥን ጻፉ፣ ከተበላሸው ስክሪንሾት ጎን በትክክል ከሚያሳይ ብራውዘር የወሰዳችሁትን አያይዙ። እና የሚያየው ኢንጂነር አማርኛ ስለማያነብ የተበላሸውን ፊደል በቀይ ክበቡበት፣ ምን መምሰል እንደነበረበትም ከሥሩ ለብቻው ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉለት።